እንግዳው እስኪነሳ

የወንዙ ከፍታ ሁለት ሜትር ከአስር። ሻሂዳ ዓይኗን አሽታ ደግማ ታያለች፤ ያው ሁለት ሜትር ከአስር። ከአንድ ሰዓት በፊትም ይኸው ነበር። ከበረዶ የሚቀልጥ ውሃ በሐምሌ ቀትር ፀሐይ አንድ ሰዓት ሙሉ ባለበት አይቆምም።

ማሽኑ ባለበት ደርቆ ቆሟል።

የሸለቆውን ውሃ የሚለካውና የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ሳይረኑን የሚያስጮኸው ኮምፒውተር የራሱ አካል የለውም፤ እዚህ ሰሜን ፓኪስታን፣ ጊልጊት ከተማ፣ ቢሮው ውስጥ ባለው ትልቅ ሰርቨር ሆድ በፕሮግራም መልክ የተጠለለ ነው። ለዚህም «እንግዳው» ይሉታል። የሚጫኑት ቁልፍ ስለሌለው በጽሑፍ ትእዛዝ ብቻ ነው የሚቀሰቀሰው።

ሻሂዳ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ወንበሩ ላይ ናት፤ ተረኛው ታሟል። ስክሪኑ ላይ ባለው ጥቁር የትእዛዝ መስኮት እንደገና እንዲነሳ ታዘዋለች። ዝም። ደግማ ታዘዋለች። ዝም። የቀረው በግድ አጥፍቶ ማስነሳት ነው፤ ያ ደግሞ ደቂቃዎች ይፈጃል፤ እስከዚያ ታች ያለው መንደር የሚያስጠነቅቀው የለም።

የመንደሩ ድልድይ ዘንድ ላሉት ጠባቂ ትደውላለች። አገሩ ሁሉ «ቻቻ» ይላቸዋል፣ አጎቴ እንደማለት።

«ቻቻ፣ ማሽኑን ላጠፋው ነው። እስኪነሳ ወንዙን በዓይንዎ ይጠብቁልኝ።»

«ማሽኑ ሳይመጣ በምን ነበር የምጠብቀው፣ በአፍንጫዬ?»

ትእዛዙን ጽፋ ጣቷን ትንሽ ታቆያለች፤ ከዚያ ትጫነዋለች። እንግዳው ጠፋ። ተነሳ ትለዋለች። ዲስኩን መመርመር ይጀምራል፤ ሦስት በመቶ።

«ልጄ» ይላሉ ቻቻ። ቀልዱ ከድምፃቸው ጠፍቷል። «ውሃው ቀንሷል።»

«ቀነሰ?»

«ጠዋት ተውጠው የነበሩት ድንጋዮች ብቅ ብለዋል።»

በዚህ ፀሐይ የሚቀንስ ወንዝ ከላይ የዘጋው ነገር አለ። የዘጋው ደግሞ መልቀቁ አይቀርም።

«ቤት ይደውሉ፣ ሰው ከመንደሩ ይውጣ! የጸሎት ቤቱ ድምፅ ማጉያ ቁልፍ ባለቤትዎ ጋ አይደል?»

«ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ተኳርፈናል እኮ...»

«ቻቻ!»

«እሺ፣ እሺ።» ስልኩ ተዘጋ።

አስራ ዘጠኝ በመቶ። ሠላሳ አንድ። እጆቿን ጭኗ ላይ ታስቀምጣለች። የምትጽፈው ሌላ ትእዛዝ የለም። ውጭ አንድ ሰው ሐብሐብ እያለ እየጮኸ ያልፋል። ቁጥሩ ሃምሳ ስምንት ላይ ይቆማል፤ እሷም ወደ ስክሪኑ ትጠጋለች፤ ከዚያ ይቀጥላል።

ስልኩ ይጮሃል።

«ወጥተዋል!» ቻቻ ያለከልካሉ። «ሁሉም ከትምህርት ቤቱ በላይ ወጥተዋል። ባለቤቴ ስልኩን እንዳነሳች ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹ይቅርታ ልትጠይቅ ከሆነ ቶሎ በል!›»

«ጠየቋት?»

«ውሃ እየመጣ ልከራከራት ነው? ጠየቅኳታ!»

ሻሂዳ ሳቅ ይመጣባታል፤ ጉልበቱን ግን ከየት ታምጣው። «እርስዎስ የት ነዎት?»

«ገደሉ ላይ ነኝ። እኔ አልሄድም፤ ድልድዩ ነው የሚሄደው።» ከኋላቸው ብዙ የጭነት መኪና ባንዴ እንደሚወርድ ያለ ድምፅ ይሰማል። «መጣ» ይላሉ ቀስ ብለው። «ጥቁር ነው።»

ድምፁ ረጅም ነው።

መቶ በመቶ። እንግዳው ይነሳል። ከወንዙ ላይኛ በኩል የተተከለው መለኪያ የላከለትን ያነባል፤ ስድስት ሜትር ከአርባ። ወዲያው፣ ማንም ሳያዘው፣ ሳይረኑን ይለቀዋል።

ሻሂዳ በስልኩ ውስጥ ከሩቅ ትሰማዋለች፤ በራቸው እንደተከፈተ የቀሩ ቤቶች መሃል፣ ሰው በሌለበት መንደር ይጮሃል። የማጥፊያውን ትእዛዝ ታውቀዋለች። ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ፣ ይጩህ ብላ ትተወዋለች።