የኑአላ ክዳን

በቤልፋስት፣ በኑአላ ሰፈር፣ የእንግሊዝ ወታደር ወንድ ሊያፍስ ብቅ ካለ ሴቶቹ የቆሻሻ በርሜል ክዳን ከአስፋልቱ ጋር እያጋጩ ያስጠነቅቃሉ፤ ወንዶቹም በጓሮ እብስ ይላሉ። በዚህ ሥራ ኑአላን የሚያህላት አልነበረም።

ታዲያ ሰላም መፈረሙን ሬዲዮ የተናገረ ዕለት ደስታው አናቷ ላይ ወጣ። በነጠላ ጫማዋ ወደ መንገድ ሮጣ ክዳኗን ትደልቀው ጀመር። «ሰላም ሆነ! ውጡ! ጨፍሩ!»

ማን ይስማት! በሮች ተጠረቀሙ፤ ባሏ ሳይቀር በጓሮ መስኮት ዘሎ ተሰወረ።

«ኧረ የደስታ ነው፣ እናንተ!» እያለች፣ በሳቅ እየፈረሰች፣ ይበልጥ ደለቀችው። ወዲያው ከኋላዋ ሌላ ክዳን አጀባት።

«እሰይ! አንዷ እንኳ ገባት!» ብላ ዞረች።

ጠመንጃውን አንግቶ ክዳን የሚደልቀው የሰፈሩን ኬላ የሚጠብቀው እንግሊዛዊ ወታደር ነበር።

«እኔም አገሬ ልገባ ነው እኮ፣ እማማ!»