የፍሎሪካ ኮላች

«ኮላች ማለት መንኮራኩር ማለት ነው፤ ቃሉም ዳቦውም የኛ የሰርቦች ነው!» አለ ድራጉቲን፣ የፕሪም አረቄውን ከፍ አድርጎ። «ሃንጋሪዎች ካላች አሉት፣ አልባኒያዎች ኩላች። ሩማንያዎችማ ኮላክ ብለው ለሙታናቸው ያድሉታል። ሁሉም ከኛ የሰረቁት ነው!»

እንግዶቹ ሳቁ። እህቱ ዴሳንካ ግን ደሟ ፈላ። እናታቸው ፍሎሪካ ሩማንያዊት ናት፤ ምድጃው አጠገብ ቆማ መሬት መሬት ታያለች። ለዚህ ቤት ዝክር ኮላች ስትጋግር ነው ፀጉሯ የሸበተው። ዛሬ ባሏ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያው የቅዱስ ኒኮላ በዓል ነው፤ ዝክሩም እንደ አገራቸው እንደ ባናት ወግ ለወንድ ልጁ ተላልፏል።

«ለከርሞ ቤልግሬድ፣ እኔ ቤት ነው የምንዘክረው» አለ ድራጉቲን። «ኮላቹን ከዳቦ ቤት አዛለሁ። እማዬም ትረፍ።»

«ማን ደከመኝ አለህ?» አለች ዴሳንካ።

«አንቺ ዝም በይ! አሁን አባወራው እኔ ነኝ።»

«ከእጇ ጎርሰህ አድገህ ሌባ ትላታለህ? የበላህበትን ወጪት ሰባሪ!»

«ተይው ልጄ፣ በዓል ነው» አለች ፍሎሪካ ቀስ ብላ።

ዝክሩን ሊባርኩ የመጡት ቄስ ነገሩ እንዳይከር ብለው ተነሡ። የኮላቹን ሥር በመስቀል ምልክት ቆርጠው ወይን አፈሰሱበትና «በሉ፣ ያዙ» አሉ። ኮላች የሚዞረው ቤተሰቡ ሁሉ ዙሪያውን ይዞ፣ እየዘመረ ነው። ሌሎቹ ይዘው መዝሙሩን ሲጀምሩ ፍሎሪካም እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተጠጋች።

ድራጉቲን በክርኑ መለሳት። «አንቺ ሻማውን ያዢ» ብሎ የዝክሩን ሻማ አስጨበጣት።

ዴሳንካ «እንግዲያው ብቻህን አዙረዋ!» ብላ እጇን ከኮላቹ ላይ አነሣች። አክስታቸው ተከተለቻት። የአጎታቸው ልጆችም አንድ በአንድ ለቀቁ። መዝሙሩ እንደተጀመረ ቆመ። ቄሱ ፍሎሪካን አዩ፣ ድራጉቲንን አዩ፣ ከዚያ እሳቸውም እጃቸውን ሰበሰቡ።

ድራጉቲን ኮላቹን ብቻውን ታቅፎ ቀረ። በሁለት እጁ ሊያዞረው ቢሞክር፣ መሐሉ መሰንጠቅ ጀመረ።

«እማዬ፣ ሊፈርስ ነው! ያዢልኝ እንጂ!»

ፍሎሪካ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ሻማውን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አየችው።

«ሻማ ያዢ ብለኸኛል።»

ከኮላቹ የሚንጠባጠበው ወይን በልጇ ነጭ እጅጌ ውስጥ ወደ ክርኑ ይወርድ ነበር።