የጁማና ልብ

ጀብሪል የሰደበኝ የዛሬ ሁለት ዓመት በኅዳር፣ ቅዳሜ ረፋድ፣ በራሴ ጤፍ አጨዳ ላይ ነው። ለደቦ የመጣው ሰው ሠላሳ ይሆናል። «አማቼ ጤፉን ያጭደዋል ወይስ ያበጥረዋል?» አለ ጮክ ብሎ።

ማበጠር የሴት ሥራ ነው። ሰው ሳቀ። ይሳቅ። ምሳ ይዛ የመጣችው ሚስቴ ጁማና ግን በሻሿ አፏን ሸፍና ሳቀች። እሱ ወንድሟ ነው፤ እኔ ባሏ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አልተነፈስኩላትም። ወጡ ጨው ሲያንሰው ገበታውን እገፋለሁ፣ ይገባታል። ሽማግሌ ላከች፤ መለስኳቸው። ደከመኝ፣ ጀርባዬን፣ መንጋጋዬን ማለት ስትጀምር ጎረቤቱ ሁሉ ጨጓራ ነው አላት። ስድስት ወር ተልባ ጠጣች።

ዛሬ ጠዋት ገበያ መሀል ወደቀች። ተሸክመው መካነ ሰላም ሐኪም ቤት አስገቧት።

ዶክተሯ ልጅ እግር ናት። «ጨጓራ አይደለም፣ ልቧ ነው» አለችኝ። «ቤት ውስጥ የሚያስጨንቃት አለ?»

«ኩርፊያ ነው ያለው። እኔም እኮ አኩርፌያለሁ፤ ምን ሆንኩ? ለኪኝ።»

ግፊቴን ለካችኝ። ደህና ነኝ።

«ያው ጭንቀት ወንዱንና ሴቷን እኩል አይነካም፣ አባቴ። በብዙ ሴቶች ሐዘኑ ከአእምሮ አልፎ ልብ ላይ ይበረታል። ሕመሙም ደረት ይዞ ላያስጮህ ይችላል፤ ድካም መስሎ ይመጣል። ደሴ የሚወስዳት አምቡላንስ እስኪደርስ ልቧ ይረፍ። አንድ ደግ ቃል ይንገሯት።»

እኔ ሁለት ዓመት ግድግዳ የምደበድብ መስሎኝ ነበር። ለካስ ልቧ ድረስ ዘልቋል።

ጁማና ዓይኗን ገለጠች። ከንፈሯ አመድ መስሏል።

«የጠልሐ አባት፣ አፉ በለኝ።»

አፉ በለኝ ሲባል አፉ ይባላል። ደም የተቃባ እንኳ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ በሷ ይታረቃል። አንዲት የይቅርታ ቃል ናት። ምላሴ ጫፍ ደርሳ ነበር።

«ስለሳቅሁ ነው አይደል? ወላሂ፣ ሰው ሲስቅ ነው የሳቅሁት። አፉ በለኝ በአላህ፣ ፈራሁ።»

«አባቴ?» አለች ዶክተሯ።

ሲያመጧት እግሯ ላይ የጣሉላትን ጋቢዬን ሳብ አድርጌ ለበስኩ። ኮሪደሩ ላይ መሬት የተቀመጡት ሴቶች እግራቸውን ሰብስበው አሳለፉኝ።