በቀይ የታረመው

«ወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ! አንዲት ቃል ብትጨምሪ ዛሬውኑ ሻንጣሽን ይዘሽ ትወጫለሽ» አላት ናሁሰናይ፣ በቀብሩ ላይ የሚነበበውን የአባቱን የሕይወት ታሪክ ከእናቱ ቦርሳ አውጥቶ እያቀበላት።

«እሺ ጌታዬ፤ ትንፋሽስ ልውሰድ ወይስ እሱም መጨመር ነው?»

አልሳቀም። እሷም ወረቀቱን ተቀበለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያደገችው እነሱ ቤት ነው፤ ሌላ መሄጃ የላትም። «አንባቢዋ እሷ ናት» ያሉት የሟቹ ባለቤት፣ እትዬ ስንዱ ናቸው። ለልጃቸው ግን እስካሁን አልተዋጠለትም።

የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጸጥ አለ። ሟቹ መምህር ይትባረክ ሠላሳ አንድ ዓመት አማርኛ ሲያስተምሩ ልጅ ገርፈው እንደማያውቁ፣ ለተሳሳተ ሁሉ «መልሰህ አንብበው» ብቻ ይሉ እንደነበር አነበበች። ተማሪዎቻቸው ተንሰቀሰቁ።

ሁለተኛውን ገጽ ስትገልጥ ክው አለች። በኮምፒውተር ከተጻፈው «የሦስት ልጆች አባት» ላይ «ሦስት» የሚለው በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ፣ ከላዩ «አራት» ተብሏል።

በቃ፣ ይቺ ምላሰኛ ራሷን አራተኛ ልጅ አድርጋ ጻፈች ሊሉ ነው! ናሁሰናይ አፍጥጦባታል። ሻንጣዋ በዓይኗ መጣ።

«የ... የሦስት ልጆች አባት ነበሩ» አለች።

«መልሰሽ አንብቢው!» አሉ እትዬ ስንዱ ከሬሳ ሣጥኑ አጠገብ።

ቀና ብላ አየቻቸው። ጥቁር ነጠላቸውን የጨበጠው አመልካች ጣታቸው ቀይ ቀለም ነክቶታል።