ከጆሮ ጀርባ

«ተይው፣ ራሴ እደውላለሁ» ትላለች ታላቅ እህቴ፣ ስልኬን ከእጄ መንጭቃ። የእሷ ካርድ የለውም።

መልእክት እየጻፍኩላት ነበር። «ስለሰጡኝ የፈተና ዕድል ከልብ አመሰግናለሁ፤ ውሳኔዎን በአክብሮት እጠባበቃለሁ።» ማንም ሳያስተምረኝ ከዚህም ከዚያም ለቃቅሜ ያወቅኩት የቢሮ ቋንቋ ነው። እንከን አይወጣለትም፣ እንደኔው።

ሰኞ አንድ ጸጉር ቤት ሊቀጥራት ፈትኗታል። ፈተናው የባለቤትየዋን የራሷን ጸጉር ቀለም መቀባት ነበር። ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ወሬ የለም። የቀድሞ መሥሪያ ቤቷ ከተዘጋ ወዲህ ቤተሰቡ በሙሉ የእሷን እጅ ነው የሚያየው።

ስፒከሩን ትከፍተዋለች። የጸጉር ማድረቂያው ካስክ ጩኸት ይመጣል።

«አቤት!»

«እትዬ፣ ሰኞ ጸጉርዎን የቀባሁት ነኝ።»

«እንዴ፣ ገና አልወሰንኩም እኮ። ሌሎችም አሉ።»

አሁን ምስጋናዋን ጣል አድርጊ ብዬ በክርኔ ጎሸም አደርጋታለሁ።

«ለሥራው አይደለም የደወልኩት። ከግራ ጆሮዎ ጀርባ ሽበት አምልጦኛል። ያየሁት ኮትዎን ሲለብሱ ነው፣ ደንግጬ ዝም አልኩ። ቢቀጥሩኝም ባይቀጥሩኝም መጥቼ ላስተካክልልዎ።»

ጉድ ፈላ! በገዛ አፏ ሥራውን አስረከበች። «አብደሻል?» እላታለሁ፣ በከንፈሬ ብቻ። ዞር ብላም አታየኝ። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፤ ድምጿ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ቆይ» ይላል ስልኩ። የተረከዝ ጫማ ይንኳኳል። «አንቺ፣ ያን መስታወት አቀብዪኝ።» ካስኩ ጸጥ ይላል።

«እውነትም! ይሄን ይዤ ነው ባንክ የሄድኩት? ይሄን ይዤ ነው ስብሰባ ላይ ከፊት የተቀመጥኩት? እናንተስ፣ ይሄ ሁሉ ዓይን እያለ አንዳችሁም አላያችሁም?»

ከወዲያ አንዲት ቀጭን ድምፅ፣ «አይተን ነበር፣ እትዬ። እንዳይከፋዎት ብለን...»

«ውይ፣ ስታሳዝኑ!» ከዚያ ወደ ስልኩ ተመልሳ፣ «ስሚ አንቺ ልጅ፣ ነገ ጠዋት ነይ።»

«ለሽበቱ?»

«ለሽበቱም። የሥራ ጋወንሽን እንዳትረሺ።»

እህቴ ስልኬን ትመልስልኝና ጋወኗን ልታጥብ ትወጣለች፣ ሰዓት ጠይቃ የተነገራት ያህል እንኳ ሳትደነቅ።

ያ ያማረ መልእክቴ ስክሪኑ ላይ እንደተቀመጠ ነው። በአንድ እጄ አጠፋዋለሁ። ሌላው እጄ፣ መቼ እንደሄደ እንጃ፣ ከጆሮዬ ጀርባ ይዳብሳል።