የፊተኛው ስም

የውኃ ኬሚስቷ ለሙሉ ፕሮፌሰርነት ካቀረበቻቸው የምርምር ጽሑፎች መካከል የማዕረግ ዕድገት ኮሚቴው ሰብሳቢ አንዱን መዝዘው ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። ስለ ጉድጓድ ውኃና ስለ ልጆች ጥርስ መበለዝ የተጻፈ ነበር። የጥርስ ሐኪሙም፣ መሐንዲሱም፣ የምጣኔ ሀብት ሰው ሳይቀር በየጽሑፉ ይጠቅሰዋል። ሁለት ስም አለበት፤ የፊተኛው የሟች ባሏ፣ የኋለኛው የእሷ። በኮሚቴው ደንብ ደግሞ ነጥብ የሚሰጠው ለፊተኛው ብቻ ነው።

«እህቴ፣ ያለዚህ ነጥብሽ አይሞላም» አሏት ሰብሳቢው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዋናው ሥራ የኔ ነው ብለሽ አንድ መስመር ጻፊልን። ማን ይከራከርሻል?»

«እኛማ ድሮም የሷ ነው የምንለው» አለ የኮሚቴው የጥርስ ሐኪም እየሳቀ። «ጥርሱ የበለዘ ልጅ በመጣ ቁጥር ስሟን ነው የምናነሳው!»

እሷም ሳቀች። ሰብሳቢው የዘረጉላትን እስክሪብቶ ተቀበለች፤ አውራ ጣቷ ግን ፊተኛው ስም ላይ ደርሶ ቆመ። ያኔ ባሏ «አንቺ ቅደሚ» ብሎ ሲለምናት እምቢ ያለችው ራሷ ነበረች። ውኃውን ከየጉድጓዱ የቀዳችው እሷ ብትሆንም ሐሳቡን ያፈለቀው እሱ ነበር። እስክሪብቶውን ከድና መለሰችላቸው።

«የሚከራከረኝማ የለም» አለች። «የማልጽፈውም ለዚሁ ነው። ይህን አውጡትና የቀረውን ቁጠሩ።»

«አይሞላም እኮ አልኩሽ!»

«ለከርሞ ይሞላል» አለች ቦርሳዋን አንስታ። «አዲስ ጽሑፍ ይዤ እመጣለሁ። እሱ ላይ ያለው ስም የኔ ብቻ ነው።»