የቀዛፊዎች ልብስ

ነርሷ ነጩን ካናቴራ ከአልጋው ጫፍ አንስታ ዘረጋችው። «አባባ፣ ይሄ ምን ይባላል?»

ዕድሜያቸውን ሙሉ መዝገበ ቃላት ሲያዘጋጁ የኖሩት፣ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ግን ምላሳቸው የተሳሰረው አባት ልብሱን ትኩር ብለው አዩት። «ጀልባ» አሉ።

ነርሷ ከአልጋው አጠገብ የቆመችውን ልጃቸውን ዞር ብላ አየችና ከንፈሯን መጠጠች። አባት ተናደዱ። በደህናው እጃቸው አየሩን እየቀዘፉ «ጀልባ! ጀልባ!» አሉ።

ልጃቸው ያን ጊዜ ገባት። «አልተሳሳተም እኮ! ካናቴራ የጣልያን ቃል ነው፤ የጀልባ ቀዛፊዎች ልብስ ማለት ነው። ትንሽ ልጅ ሆኜ ነግሮኛል።»

«ትርጉሙን ያውቁታላ» አለች ነርሷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ስሙ ነው የጠፋባቸው።»

ልጃቸው ግን ደስ ብሏት ወደ አልጋው ጎንበስ አለች። «እኔስ አባዬ? እኔ ማን ነኝ?»

አባት ስሟን ሊጠሩ ሞከሩ። ብዙ ታገሉ። በመጨረሻ ደህናውን ክንዳቸውን ደረታቸው ላይ አጥፈው፣ ጨቅላ እንዳቀፈ ሰው ቀስ አድርገው አወዛወዙት። እንባቸው በጉንጫቸው ጎን ወደ ጆሯቸው ወረደ።

«አዎ፣ አባዬ» አለች። ስሟን ልትነግራቸው አፏን ከፈተች፤ አልቻለችም።